እርቁ የፈረሰበት እሑድ

ጎረቤቴ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ማድ ቤቱን ሆን ብላ አቃጠለች። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከገሳይ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ናት፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ዘመድ አልነበራትም። ወህኒ ቤቱ ለልጆች የተለየ ክፍል ስላልነበረው ዳኛው ከትልልቆቹ ጋር ሊቀላቅሏት አልወደዱም። «እስከ ቀጠሮው ኃላፊነት ወስዶ የሚያኖራት ሰው ካለ ይቅረብ። ከተበዳይዋ ብትታረቅም ለውሳኔው ይረዳኛል» አሉ።

እኔ ወሰድኳት። ጎረቤቴ ሰላምታዋን ነሳችኝ።

ልጅቷ ልብሷን ስትቀይር ክንዷ ላይ ጠባሳ አየሁ። ወተት ስላስገነፈለች አሠሪዋ በጋለ ቢላዋ ተኩሳት ኖሯል። በእኛ ደንብ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ድንጋይ የተሸከመ ደግሞ በእሱ ላይ የተሠራበትን በደል አያነሳም። ስለዚህ፣ «ስለ ክንድሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። እርቁ ከቀረ ወህኒ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ እማማ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጎረቤቴ ግቢ ተቀመጡ። ልጅቷ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ አጎንብሳ ገባች።

«በድያለሁ፤ ይማሩኝ።»

ጎረቤቴ ፊቷን አዞረች።

«በይ ልጄ፣ አስወርጃት። ድንጋዩም እኮ ሰለቸው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ሰዉ ሳቀ።

«ትሸከም! ቤቴ ሲነድ የት ነበራችሁ?»

«ውሃ ስናመላልስልሽ ነበራ!»

ልጅቷ ድንጋዩን ልታመቻች እጇን ስታነሳ እጅጌዋ ወደ ታች ተንሸራተተ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ማነው የተኮሰሽ?»

ቀና ሳትል በዓይኗ ፈለገችኝ። ጥያቄው ሁለተኛ ሲደገም፣ «አሠሪዋ ናት» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ ጎረቤቴ ዞሩ። «እንግዲያው አንቺም ድንጋይ ፈልጊ።»

«እኔ? ለገረዴ?» ብድግ አለችና ወደ እኔ አየች። «ይሄን አስበው ነው ያመጧት፣ እትዬ!» ገብታ በሩን ዘጋች።

ልጅቷ እንዳጎነበሰች ቀረች። ድንጋዩን ሽማግሌው ተቀብለው አወረዱላት።

መንገድ ላይ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አለችኝ።

«አይደለሽም።»

በቀጠሮው ዋዜማ ልብሷን አጥባ በጨርቅ ቋጠረች። ወህኒ ቤት ለመግባት መሰናዳቷ መሆኑ ገብቶኛል፤ አልከለከልኳትም። ዳኛው እርቅ እንዳልተደረገ ሰሙ፤ ክንዷንም አዩ። ወህኒ መግባቷ ቀርቶ እኔው ዘንድ እንድትቆይ ወሰኑ። ውሳኔውን ቃል በቃል አስረዳኋት፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ቋጠሮውን ግን ፈትታ አልተወችውም። በየጠዋቱ የምትለብሰውን ከውስጡ ታወጣና መልሳ ታስረዋለች።