የእትዬ ዘነበች ምንሽር

ባለፈው መስከረም የበር ማጠፊያ ላሠራ መሐል ሜዳ አንድ ብየዳ ቤት ገባሁ። ሠራተኛው ብረቱን በሞርሳ አጥብቆ ሞረዱን ገፋ አደረገው። ሽርርክ፣ ሽርርክ። የገበያው ጫጫታም የሚኒባስ ረዳቶቹ ጥሪም ጠፋና ያ ድምፅ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ለካ ትከሻዬን ሰብስቤ ትንፋሼን ይዣለሁ። ሠራተኛው ሥራውን አቁሞ፣ «ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። እትዬ ዘነበች ትዝ ብለውኝ ነው።

መንደራችን ከዘመሮ ወጣ ብሎ ነው። ልጅ ሳለሁ የእትዬ ዘነበችን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ሴት ነበሩ፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር ባናቸው ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው አይወርድም። ባላቸው ሳል ሲያሰቃያቸው ኖሮ ሲሞቱ፣ ጥቂት በጎች፣ አንድ የገብስ ማሳና ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለች አሮጌ ምንሽር ትተውላቸው ሄዱ።

የጠብ መነሻ የሆነችው ይቺው ምንሽር ናት። የባላቸው ወንድም አቶ ሽፈራው፣ «የአባቴ ጠመንጃ ነው፤ ሴት ምን ታደርግበታለች?» እያሉ ይመላለሱ ጀመር። የእትዬ ዘነበች መልስ አጭር ነበር፦ «በጎቼን ታዲያ ማን ይጠብቅልኝ?»

ጠመንጃዋ ግን ክፉ አመል ነበረባት። አንድ ጊዜ ነብር በጎቻቸው መሐል ሲገባ ተኮሱና ነብሩን ስተው እሳቸው በጀርባቸው ወደቁ። ትከሻቸው አብጦ እንስራ ማንሳት ስላቃታቸው እናቴ ውሃ ትቀዳላቸው ነበር። አቶ ሽፈራው ይህን ሲሰሙ፣ «አላልኩም? ነገ ደግሞ ሰው ትገድላለች» አሉ። አዝመራው ሲገባ ሽማግሌ ሰብስበው ጠመንጃዋን እንደሚወስዱም በግልጽ ተናገሩ።

እትዬ ዘነበች ምንሽሯን መግራት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ፀሐይ በምታርፍበት በኩል ተቀምጠው ሲሠሩ ካቡን ተደግፌ አያቸው ነበር። መጀመሪያ እንጨቱንና ብረቱን የሚያያይዙትን ብሎኖች ፈተሹ፤ ላልተዋል። «የላላ ነገር የት እንደሚመታ ራሱም አያውቅም» አሉኝ። ቀጭን ቆዳ ቆርጠው መሐሉ ከተቱና አጠበቁት። ሰደፉ ለእሳቸው ቁመት አጭር ስለነበር ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ለምድ ደራርበው ሰፉበት። በሰደፉ ውስጥ ባለው ቀዳዳ ደግሞ የእርሳስ ብረት ቁርጥራጭ ጠቅጥቀው በሰም ደፈኑት።

«ይቺ እንደ በቅሎ ናት» አሉ፣ በእጃቸው ክብደቷን እየመዘኑ። «ጭነት ሲኖርባት አትራገጥም።»

ጥይት እንደ ልብ አይገኝምና አብዛኛውን ጊዜ የሚለማመዱት በባዶዋ ነበር። አፈሙዟን ካቡ ላይ አሳርፈው ጫፏ ላይ አንድ የኮት ቁልፍ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ምላጩን በቀስታ ይስባሉ። ቁልፉ ከወደቀ ጣታቸው ቸኩሏል ማለት ነው። በመጀመሪያ ሰሞን ሁልጊዜ ይወድቅ ነበር። ከንፈራቸውን ነክሰው ያነሱታል፣ እንደገና ያስቀምጡታል። እየዋለ እያደረ ቁልፉ መውደቁን ተወ።

ገደሉ አፋፍ ላይ በአመድ ያነጡት ድንጋይ ነበራቸው። ሲተኩሱበት ጥይቷ ወደ ቀኝ እየሳተች ዝቅ ትላለች። ጫፏ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ በመዶሻ ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ገፏትና ጎኑ ተስተካከለ። ዝቅ ማለቷ ግን መድኃኒቱ ያችኑ ማነጣጠሪያ መሞረድ ብቻ ነበር። ከዘመሮ ሞረድ ተውሰው ያመጡ ቀን መጀመሪያ ብረቱን ደጋግመው በጣታቸው ዳሰሱ።

«ትንሽ ካለፍኩ አለቀልኝ» አሉ። «የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልም።»

ሽርርክ። ያነሳሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ሽርርክ። እኔም ካቡ ላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዣለሁ። በመጨረሻ ጥይት አጉርሰው ተኮሱ። ነጩ ድንጋይ ከመሐሉ ተፈነከተ። ትከሻቸውን ዳበስ አደረጉና ጠመንጃዋን፣ «እንግዲህ ተግባባን» አሏት።

ሽማግሌዎቹ ሊሰበሰቡ በተቀጣጠሩበት ሰሞን ያበደ ጅብ መጣ የሚል ወሬ ተሰማ። በጠራራ ፀሐይ የሰው አህያ ነክሷል ተባለ። እናቴ ከግቢ እንዳንወጣ አስጠነቀቀችን። ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን ግን ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነው፤ ከአውድማው ክምር ላይ መንሸራተት ይወዳል፣ ሾልኮ ሄደ።

ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ጌታሁን ከገብሱ ክምር አናት ላይ ተለጥፏል። ጅቡ ከሥሩ ነው። አፉ አረፋ ደፍቋል፣ አንገቱ ተጣሟል። ሰው ሲጮህበት አይሸሽም፣ ዞሮም አያይም። ነዶውን እየነከሰ ይጎትታል። አንድ ነዶ በተመዘዘ ቁጥር ክምሩ ይናዳል፣ ጌታሁንም አብሮ ዝቅ ይላል።

አባቴ ዱላ ይዞ ሊሮጥ ሲል አቶ ሽፈራው ደርሰው ወገቡን ያዙት። በዚያው ቅጽበት እትዬ ዘነበች ምንሽሯን ይዘው ካቡን ተሻገሩ።

«አምጪ!» አሉ አቶ ሽፈራው እጃቸውን ዘርግተው። «ልጁ ከላይ ነው ያለው! ብትስቺ እሱን ነው የምትገድይው!»

«አንተ አታውቃትም፤ የድሮዋ አይደለችም» አሉ እትዬ ዘነበች። «እኔ ነኝ የማውቃት።»

ሁለቱም አባቴን አዩት። አባቴ ጌታሁንን አየ፣ ቀጥሎ የእትዬ ዘነበችን እጅ አየ።

«እሷ ትተኩስ» አለ።

እትዬ ዘነበች ተንበረከኩና ለምዱን ከትከሻቸው ጋር አገናኙት። ጅቡ እየተንገዳገደ ክምሩን ይዞራል። አፈሙዙ ይከተለዋል፣ ጥይቱ ግን አይወጣም። እናቴ «ስለ ማርያም፣ ተኩሺ!» ብላ ጮኸች። አልተኮሱም። ክምሩ እንደገና ተናደና የጌታሁን እግር ከጅቡ ራስ በላይ ተንጠለጠለ። ጅቡ ቀና አለ።

«ጌታሁን» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ከካብ ማዶ ለምሳ የሚጠሩት ይመስል። «እግርህን ሰብስብ፣ የኔ ልጅ።»

ሰበሰበ። ተኮሱ።

ገደሉ ድምፁን መልሶ ሲያስተጋባ ጅቡ ከነዶው ሥር ተዘርግቶ ነበር። እናቴ ልጇን ልታቅፍ ስትሮጥ እትዬ ዘነበች፣ «ቆዪ፣ እግሩን አሳዩኝ!» ብለው አስቆሟት። ጌታሁንን ራቁቱን አገላብጠው አዩት። ጭረት እንጂ ንክሻ አልነበረበትም፤ ጭረቱ ግን የገብሱ ይሁን የጅቡ ማንም አላወቀም። «ሐኪም ይየው፣ ዛሬውኑ» አሉ። አባቴ በትከሻው ተሸክሞት መሐል ሜዳ ወረደ። ጌታሁን የእብድ ውሻ በሽታ መርፌውን እስኪጨርስ ድረስ ቤታችን ውስጥ እህል የቀመሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዳነ።

እትዬ ዘነበች ያን ቀን አባቴ ከዓይን እስኪሰወር ጠብቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ባናቸውን ፊታቸው ላይ ሸፍነው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ምንሽሯ ሣሩ ላይ ወድቃለች። አቶ ሽፈራው ጎንበስ ብለው አነሷት። ሊወስዷት ነው አልኩ በልቤ። በጋቢያቸው ጫፍ አፈሩን ጠራርገው፣ ወደ እትዬ ዘነበች ቤት ገብተው፣ ከምሰሶው ላይ ሰቅለዋት ወጡ። ሽማግሌ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

እትዬ ዘነበች ያረፉት ካቻምና ነው። ከቀብሩ በኋላ ሰው ለማጽናናት ሲሰለፍ ከሌላ ደብር የመጡ አንድ ቄስ፣ «የሟች ልጆች የታሉ? ወዲህ ቅረቡ እንጂ» አሉ። እትዬ ዘነበች ልጅ አልወለዱም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጌታሁን ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ፊት ወጣ። ልጆቹም ተከትለውት ወጥተው ከጎኑ ተደረደሩ። ሰዉም በየተራ እየቀረበ «እግዜር ያጥናችሁ» አላቸው።