ክንዱ የታሰረው ሐዋጃ

ልጅ እያለሁ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ሴት ልጅ በሽማግሌዎች ፊት አትናገርም ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ተናገርኩ። እንድናገር ያደረገኝም ከአውስትራሊያ የመጣ ኳስ ጣይ ነው።

ቶም ይባላል። ወርቅ ፍለጋ በሱዳን በኩል በግመል የገባ፣ ፀሐይ ፊቱን ያቀላው ረጅም ሰው ነበር፤ እኛ ነጭን ሰው ሐዋጃ ስለምንል ሐዋጃ ቶም እንለዋለን። እናቴና ሌሎቹ ሴቶች ወንዙ ውስጥ በእንጨት ገበቴ ወርቅ ሲያጥቡ እሱ ዳር ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ሲሰለቸው ከኪሱ ቀይ የቆዳ ኳስ አውጥቶ ወንዙ አጠገብ ባለው ዋርካ ግንድ ላይ ይለቃታል። የኳሷ ፉጨት፣ የረጠበው አሸዋ ሽታ፣ የሴቶቹ ሳቅ ዛሬም ከእኔ ጋር ናቸው።

ታሪኩን የተረጎመልን ካርቱም ኖሮ የእንግሊዞቹን ቋንቋ የለመደው ነጋዴው ኢድሪስ ነው። ቶም በግ ሲሸልት ነው ያደገው። በአገሩ ክሪኬት የሚሉት ጨዋታ አለ። ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ይተከላሉ፤ አንዱ ፊታቸው ቆሞ በዱላ ይከላከላል፣ ሌላው ከሩቅ ሮጦ መጥቶ በኳስ ሊመታቸው ይሞክራል። ክንድን አጥፎ መወርወር ክልክል ነው፤ ቀጥ አድርጎ፣ ከትከሻ አሽከርክሮ መልቀቅ ነው ሕጉ። ቶም ሲለቅ እንጨቱ ይሰበር ነበር። ከገጠር ወደ ከተማ ወሰዱት፣ ቀጥሎም እንግሊዞችን እንዲገጥም ባሕር አሻገሩት። ሕዝብ ስሙን እየጠራ ይጮህለት ነበር። አንድ ቀን ግን ዳኛው «ክንድህ ይታጠፋል» አለው። ደግሞ ለቀቀ፤ ደግሞ ከለከለው። «ክንዴን እሰሩና እዩት» ቢል ማን ሰምቶት! ቀስ ብለህ ብትጥል ትቆያለህ አሉት። «ቀስ ብዬ ከምጥልስ ይቅርብኝ» ብሎ ሜዳውን ለቆ ወጣ።

አጎቴ ሙሳ ሐዋጃውን ገና ሲያየው ነው የጠላው፤ ወንዛችንን ይቀማናል ብሎ ይፈራ ነበር። ይህን ታሪክ ሲሰማ ጊዜ ምክንያት አገኘ። አርብ፣ ከሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር እንደተቀመጡ ተነሣና፣ «በአገሩ በማታለል የተባረረ ሰው ነው። ዳኛ የፈረደበትን እኛ ለምን እናስጠጋለን? ይውጣልን!» አለ።

ኢድሪስ ሲተረጉምለት ቶም እጅጌውን ሰብስቦ ቀኝ ክንዱን ዘረጋና «እሰሩት!» አለ።

እናቴ የተሰነጠቀ ቀርከሃ አመጣች። እኔ ቀርከሃውን ክርኑ ላይ አድርጌ ከላይም ከታችም በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ሦስት እንጨት ተተከለ። ቶም ወደ ኋላ ርቆ ሄደ፤ ከዚያ አቧራውን እያስነሣ ሮጦ መጣ። ኳሷን አላየኋትም፤ መካከለኛው እንጨት ተነቅሎ አየር ላይ ሲገለበጥ ነው ያየሁት።

ሰው ጮኸ። አጎቴ ግን «ወላሂ ታጥፏል!» አለ። አጎቴን የሚደፍር አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። እኔ ሮጬ ክንዱን ያዝኩ። ቀርከሃው አልተሰበረም፣ ገመዱም አልላላም።

«አልታጠፈም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት። አይቻለሁ።»

«ዝም በይ! ዋሸሁ በይ!»

«አልልም፣ አጎቴ። አልታጠፈም።»

እጁን ሲያነሣ እናቴ መሃላችን ገባች። «ልጄ ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔም አይቻለሁ» አለች። ከወንዝ የመጡት ሴቶች ከነገበቴያቸው መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሸኽ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ዓይን ያየውን አፍ አይክደውም። እንግዳው ይቆይ» አሉ።

ገመዱን ስፈታለት ቶም ዝቅ ብሎ አንድ ነገር አለኝ። ኢድሪስ፣ «በአገሬ ሜዳ ሙሉ ሰው ያየኝ ነበር፤ አንድም ሰው እንዲህ አላለልኝም ይልሻል» አለኝ።

ዝናብ ሲቃረብ ግመሉን ጭኖ በመጣበት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማንም። አጎቴ ማሽላ እስኪታጨድ አኮረፈኝ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ዛሬ አርጅቻለሁ። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ገብተው እጃቸውን እያወጡ ይናገራሉ፤ መናገር ምን እንደሚያስከፍል አያውቁም፣ ባለማወቃቸውም ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ግን ይስቁብኛል። «አያቴ፣ ለማታውቂው ሰው ክንድ ብለሽ ከአጎትሽ ተጣላሽ?»

«ለእሱ ብቻ መስሏችሁ?» እላቸዋለሁ። «ያን ቀን ዋሸሁ ብል ኖሮ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በሉኝ ያሉኝን ስል እኖር ነበር።»