ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ሐኪሙ የእናቴ ዓይን እየከዳት መሆኑን ሲነግረን፣ እሷ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባትህን በትልቁ አሳየኝ።» አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ሲንቀሳቀስ የሚታየው በእህቴ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠ፣ ሰው ከሰው የማይለይበት ብዥታ።

ሶዶ ከተማ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝና ጉራዬን ነዛሁ። ምስሉን አጥርቶ በሳሎናችን ቴሌቪዥን የሚያሳይ፣ ቡፌው ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ግን ጉልበተኛ ኮምፒውተር እሠራለሁ አልኩ። ሳጥኑ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ምስሉን የሚያጠራውን ግራፊክስ ካርድ እዚያ ውስጥ ማስገባት፣ ሰው በሞላ ባጃጅ አንድ ጆንያ የቦዬ ሥራሥር እንደ መጫን ነበር። እንደ ምንም ገባ።

ጉድ የፈላው ፍተሻው ላይ ነው። ጠዋት ከባድ ሥራ አዝዤው ወደ ሱቄ እሄዳለሁ፤ ለምሳ ስመለስ ጠፍቷል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ማቀዝቀዣ ፋኑን ቀየርኩ። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ። ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታሁት። እናቴ በየቀኑ «ደረሰ?» ትላለች፤ እኔ «ነገ፣ እማዬ» እላለሁ። ሳልጨርስ ማሳየት ሙያዬን ማዋረድ መሰለኝ። ግትር ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት አልናገርም።

አንድ ቀን ቁልፍ ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የግቢው በር ገርበብ ስላለ ሳላንኳኳ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ድርብ ሆኖ የታጠፈ ወፍራም ዳንቴል ተደፍቶበታል። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ዓይኗ ደህና ሳለ ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት። ለካ እኔ ስወጣ ታለብሰዋለች፣ በሩ ሲንኳኳ ዳንቴሉን ታነሳለች!

«አንቺ ነሽ ለካ የምታፍኚው!» ብዬ ጮህኩባት።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ የደከምክበትን አቧራ ይብላው? ራቁቱን ልተወው?» አለች። «ስትመጣ እንዲመችህ ደግሞ አነሳልሃለሁ።»

አፈርኩ። ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። ያን ቀን ያለ ዳንቴል ሲሠራ ዋለ፤ አንዴም አልጠፋም።

በማግስቱ ከሰዓት ወንበሯን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግቼ አስቀመጥኳት። ከቦዲቲ ከተማ የመጡት የሙሽራው መኪኖች አንድ በአንድ አለፉ፤ ሚዜዎቹ ወርደው መጨፈር ጀመሩ። ላባቸው ሳይቀር ይታያል። በሥራዬ ኮራሁ።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ ፈገግ አለች። «አየኸው አባትህን? ክራቫቱ እንደ ልማዱ ተጣሟል።»

በቪዲዮው ላይ አባቴ ገና ከቤት አልወጣም ነበር። ስክሪኑን የሞሉት ሚዜዎቹ ናቸው። እኔ ብሎን ስፈታ ስገጥም የባከኑት ቀናት ምን ይዘውብን እንደሄዱ ያኔ ገባኝ።

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት፤ «ተጣሟል።»