ቫይረስ በላው የተባለው ጽሑፌ

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። እስካሁን የማልረሳው፣ ያታለለኝ ሰው በዚያች ከተማ ከሁሉም አብልጬ የማምነው ስለነበር ነው።

ሰመራ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ያደግኩት ደሴ ስለሆነ አገሩን አልለመድኩትም፤ በሄድኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ወባ ጣለኝ። በባጃጅ ጭኖ ዱብቲ ሆስፒታል የወሰደኝና ሦስት ቀን ከአጠገቤ ያልተለየው ሰለሞን ነው። ሰለሞን የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሲሆን በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን እንኖር ነበር። ከዳንኩ በኋላ "ወንድሜ" እለው ነበር እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

በዚያ ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል የሚሆን አጋዥ ማስተማሪያ መጻፍ ጀመርኩ። የመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌዎች ለተማሪዎቼ ሩቅ ነበሩ። አንድ ቀን አንቲቫይረስ የተጠረጠረን ፋይል እንዴት ለይቶ እንደሚቆልፍበት ሳስረዳ ለማንም አልገባውም። ዘሃራ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ አባቴ ከገበያ የገዛትን ፍየል ወዲያው ከመንጋው አይቀላቅላትም። መጀመሪያ ለብቻዋ ያስራታል። ካሳለች እዚያው ትቆያለች። እንደሱ ነው?"

"ልክ እንደሱ ነው!" አልኳት። እኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የደከምኩበትን እሷ በአንዲት ፍየል ጨረሰችው።

በማግስቱ ፍየሏን በእርሳስ ስላ አመጣች። ፎቶ አንስቼ ማስተማሪያው ውስጥ አስገባሁና ከሥሩ "ምሳሌውና ሥዕሉ የዘሃራ" ብዬ ጻፍኩ። ሌሎችም ተማሪዎች ሥዕል አመጡ። እኔ ነገር በሥርዓት ማስቀመጥ እወዳለሁ፤ እያንዳንዱን ፋይል በሠራው ልጅ ስምና በተራ ቁጥር ሰየምኩት። ለትምህርት ቢሮ ከሚገቡት ማስተማሪያዎች የተመረጡት ታትመው ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እንደሚዳረሱ ተነግሮን ስለነበር ዘሃራ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

"ቲቸር፣ ስሜ መቼ ነው የሚታተመው? ለአባቴ ነግሬዋለሁ እኮ!"

የማስገቢያው ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የምጽፍበት የትምህርት ቤት ኮምፒውተር በቫይረስ ተያዘ። ፎልደሮቹ ተደብቀው በየቦታቸው ሾርትከት የሚባል የማይከፈት አቋራጭ ምልክት ተተካ። አንቲቫይረስ አልነበረውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ኢንተርኔት ስለሌለን ከተጫነ ጀምሮ አፕዴት ተደርጎ አያውቅም። አፕዴት ያልተደረገ አንቲቫይረስ የአምናውን ሌባ ፎቶ ይዞ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ የዘንድሮው ሌባ ሰላም ብሎት ያልፋል።

ለሰለሞን ነገርኩት።

"ምን ያስጨንቅሃል? የኛ ቢሮ አንቲቫይረስ በየቀኑ አፕዴት ይደረጋል" አለኝ። "ሥራህን ወደ ፍላሽ ገልብጠህ ስጠኝ፤ ስካን አድርጌ አጽድቼ አመጣልሃለሁ። አንተ እስከዚያ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርገው።"

ፎርማት ማድረግ ማለት በውስጡ ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነው። ተማሪዎቼን "አንድ ኮፒ ኮፒ አይባልም" እያልኩ የማስተምር ሰው፣ የሰባት ወር ሥራዬን በአንዲት ፍላሽ ለሰለሞን ሰጥቼ ኮምፒውተሩን ደመሰስኩት። ፍላሹ በሰለሞን እጅ መሆኑ ለኔ ከሁለት ኮፒ በላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፍላሹን መለሰልኝ። ባዶ ነው።

"ወንድሜ፣ አዝናለሁ" አለኝ። "ስካን ሳደርገው ፋይሎቹ በሙሉ ተበክለዋል። አንቲቫይረሱ ጠራርጎ አጠፋቸው። ቫይረሱ በልቶታል በቃ።"

ቁጭ ባልኩበት እንባዬ መጣ። ሰለሞን ትከሻዬን ይዞ አብሮኝ ተቀመጠ። ራት አልበላም ስል ጎረቤት ከተማችን ሎግያ ድረስ ወስዶ ለምኖ አበላኝ። "አንተ ወጣት ነህ፤ ከዚህ የተሻለ ትጽፋለህ" እያለ አጽናናኝ።

ለዘሃራ "ቫይረስ በላው" ስላት "ፍየሏን አላሰርካትም ነበር ማለት ነው" አለችኝ። 

ከጥቂት ወራት በኋላ አዋሽ ላይ ለኮምፒውተር መምህራን ስልጠና ተዘጋጀ። ከኛ ትምህርት ቤት የተመደበው ሌላ መምህር ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት ስለታመመ እኔ ተተካሁ። ሰለሞን በዚያው ሳምንት "ለቢሮ ጉዳይ አዲስ አበባ ደርሼ እመጣለሁ" ብሎኝ ከሰመራ ወጥቷል።

አዳራሹ ስገባ ስልጠናው ተጀምሯል። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያሰለጥነው ሰለሞን ነው። ሲያየኝ ንግግሩን አቋርጦ ውሃ ጠጣና ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ስለመጣች ፍየል ተናገረ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከጎኔ የተቀመጠው መምህር "ይሄ ሰውዬ የዋዛ አይደለም!" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ። ታሪኩን ቤት ስነግረው ወዶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ቀጥሎ የስልጠናው ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። ፊቴ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁትና እንደ ልማዴ ከመክፈቴ በፊት ስካን አዘዝኩ። አንቲቫይረስ ሲፈትሽ የእያንዳንዱን ፋይል ስም እያሳየ ያልፋል። ዘሃራ ፍየል አንድ። ዘሃራ ፍየል ሁለት። ዓሊ ግመል አንድ። ፋጡማ ጉድጓድ ሦስት። እኔ ያወጣኋቸው ስሞች፣ እኔ በሰጠኋቸው ቁጥር፣ አንድም ሳይጎድል አለፉ። በመጨረሻ ምንም ቫይረስ እንዳልተገኘ ነገረኝ።

ጽሑፉን ከፈትኩት። ከተመረጡት ማስተማሪያዎች አንዱ ሆኖ ታትሟል፤ ሽፋኑ ላይ "አዘጋጅ" ከሚለው ቀጥሎ የሰለሞን ስም አለ። ከፍየሏ ሥር የዘሃራ ስም የለም።

በሻይ ሰዓት ውጭ ጠበቅኩት።

"ቫይረስ በልቶታል ብለኸኝ አልነበር?"

"የጠፋውን በኋላ ሪከቨር አድርጌ መለስኩት" አለ፤ ዓይኔን አላየም።

"ታዲያ በአንድ ግቢ እያደርን እንዴት አልነገርከኝም?"

"አንተ ልጅ፣ ድምፅህን ቀንስ። ሰው ፊት አታዋርደኝ። በኔ ስም ባይገባ ማን ያየው ነበር? ለልጆቹ ደረሰ፤ አንተስ የፈለግከው ይህንኑ አልነበር?"

"የልጅቷንስ ስም ለምን አጠፋህ?"

 ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ አዳራሹ ገባ። እኔም ተከትዬ ገብቼ እስከ ማታ ስልጠናውን ስከታተል ዋልኩ ብል ውሸት ነው፤ ቦርሳዬን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ።

ሰመራ እንደደረስኩ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች አመለከትኩ። "ማስረጃህ ምንድን ነው?" አሉኝ። ማስረጃዬ ባዶ ፍላሽ ነበር። ዘሃራና ጓደኞቿ መጥተው መሰከሩ። ዘሃራማ "ፍየሌን ሰረቀ!" ብላ ኃላፊዎቹን አስቃቸዋለች። ከብዙ ምልልስ በኋላ በሁለተኛው ህትመት የልጆቹ ስሞች ገቡ፤ የሷም ገባ። አዘጋጅ የሚለው ላይ የኔ ስም ከሰለሞን ስም በታች ተጻፈ።

ሰለሞን ግቢውን ለቆ ሌላ ቤት ገባ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ሆስፒታል ያስታመመኝን ሰው መጥላት አልቻልኩም፤ ማመንም አልቻልኩም። ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ መውሰዱ አይደለም። ጽሑፌን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀምጦ ያን ሁሉ ሰዓት ማጽናናቱ ነው።

አሁን መጽሐፉ በእጄ አለ። አንዳንድ ጊዜ ግን በእውነት ቫይረስ በልቶት ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ጽሑፉ የጠፋ ጊዜ ጓደኛ ነበረኝ።