መሬት ሳይነካ

ሽማግሌው ቻይናዊ የሞተ ሰሞን ከቆቦ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም መኪና አይወጣም ነበር። መንገዱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ መብራትም ከጠፋ እንዲሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። በእኛ ቆላ በዚያ ወቅት ሬሳ እንደማይጠብቅ ሕፃንም ያውቃል። ማታ የሞተ ጠዋት፣ ጠዋት የሞተ ከሰዓት አፈር ይለብሳል። ሽማግሌው ያረፈው ሊነጋጋ ሲል ነው።

እኔ በዚያ ጊዜ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ካምፕ ውስጥ መጋዘን ጠባቂም አስተርጓሚም ነበርኩ። ሌሎቹ ቻይናዎች መንገዱ ሳይዘጋ ወጥተዋል። ማሽኑን ጥለን አንሄድም ብለው የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ አባት የቁፋሮው ዋና ሰው፣ ልጅ መካኒክ። ልጁ ሠላሳውን ያለፈ፣ ዝምተኛ፣ አማርኛን ከሾፌሮች የለመደ ነው። አማርኛው ሲያልቅበት እንግሊዝኛ ያስገባል፤ እሱም ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ አሸዋ ላይ ይስላል።

በዚያ ጠዋት ግን ምንም አልሳለም። በሬን አንኳኩቶ ገባና እጄን ያዘኝ።

«አባቴ የለም። ዛሬ ሳጥን።»

ቁጭ አድርጌ ውሃ ሰጠሁት። ቀስ በቀስ ነገረኝ። በእነሱ መንደር ሰው ሲያረጅ ሳጥኑን በቁሙ ያሠራል። የእሱ አባት ሳጥን ከተሠራ ብዙ ጊዜው ነው፤ አገር ቤት እህል ከሚያስቀምጡበት ክፍል ጥግ ቆሟል። ሽማግሌው ለእረፍት በሄደ ቁጥር አንድ ጊዜ ጥቁር ቀለም ይቀባው ነበር። ቀቢው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አያስነካም።

«አሁን ያ ሳጥን ባዶ፣ አባቴ እዚህ» አለ። ከዚያ የእጄን አንጓ ጨበጠ። «እንጨት ወፍራም ይሁን። ሌላ ደግሞ፣ ዋናው፣ ካነሣን በኋላ መሬት አይነካም። ጉድጓድ ብቻ። መንገድ ላይ መሬት ከነካ አባቴ እዚያ ይቀራል። መንገድ ላይ ይቀራል። ገባህ? አንተ ንገር። ሁሉም ሰው ንገር።»

«እነግራለሁ» አልኩት።

የሳጥኑ ነገር ወደ አናጢው ወሰደኝ። አናጢያችን በከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። የእኛ ሳጥን ቀጭን የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው፤ ጨርቅ ይለብስና ያልቃል።

«ውፍረቱ ስንት ጣት?» አለኝ።

«አራት።»

«አራት? ወንድሜ፣ ይሄ የሰው ሳጥን ነው የእህል ጎታ?»

«እንደዚያ ነው የሚፈልገው።»

«ማን ይሸከመዋል?»

«ቅሬው ነዋ፤ የሚቀብረው እሱ አይደል?»

«ቅሬው ይሸከማል፣ ወገቡን ማን ይከፍለዋል?»

ሟቹ ሳጥኑን በቁሙ አሠርቶ ቀለም ሲቀባ እንደኖረ ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ። «በቁሙ? ወግድ በለው!» አለ፤ አማተበ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ደፋር ሰው ነው። እኔ የስንቱን ስለካ የራሴን ለክቼ አላውቅም» አለና ለሰው በር ብሎ ያስቀመጣቸውን የዋንዛ ጣውላዎች ከግድግዳው ያወርድ ጀመር።

የመቃብሩ ነገር ከዚያ በላይ አስጨንቆኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያልተጠመቀ አይቀበርም፤ የሙስሊሞቹ መቃብርም ለሙስሊም ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ግን መላው መጣ። ሽማግሌው ቻይናዊ መጀመሪያ ውሃ ያወጣው አንድ አዛውንት ሙስሊም ገበሬ ማሳ ላይ ነው። አዛውንቱ የቅሬያችንም ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ከዘራቸውን ይዘው ካምፑ በር ላይ ቆሙ።

«የታለ ልጁ?» አሉ። አቀረብኩላቸው። አንገቱን አቅፈው ሳሙት። «አላህ ያጽናህ። ንገረው አንተ፣ ከማሳዬ ዳር፣ ከውሃው አጠገብ ይተኛል። ልጆቼ መቆፈር ጀምረዋል።»

«አባባ፣ መሬት አይነካም ብሎ ነው የሚጨነቀው» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ሳጥኑ። ከተነሣ በኋላ መንገድ ላይ አይወርድም።»

ልጁን ትኩር ብለው አዩት። «ይሞከራል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው ተመለከቱ። ደመና ነበር፤ ገና ቀጭን።

የፈራሁትን ነው ያዩት። ከካምፑ ወደ ማሳው ሲኬድ መሐል ላይ ወንዙ አለ። ወንዝ እንላለን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ መኪና ይውጣል፣ ሰው እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። ውሃ የሚመጣበት ከደጋው ነው። እዚህ ፀሐይ እየፋጀን እዚያ ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳያስጠነቅቅ ይደርሳል፤ በሬ ይወስዳል፣ ባጃጅ ይወስዳል። ስለዚህ ሳጥኑ በሰው ትከሻ፣ ደጋው ሳይጠቁር፣ መሬት ሳይነካ መሻገር ነበረበት።

አናጢው ሥራውን የጨረሰው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ካለች በኋላ ነው። ሳጥኑ በጭንቅላት በኩል ሰፊ፣ በእግር በኩል ጠበብ ያለ፣ ከባድ፣ ቀለም የሌለው ነበር። ልጁ ጎኑን በመዳፉ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ጎረቤት ጥቁር ሻሽ ልትሰጠው ብትመጣ አልተቀበላትም፤ የትከሻዋን ነጠላ በጣቱ አመለከተ። ለእነሱ የሐዘን ልብስ ነጭ እንደሆነ ስነግራት ነጠላዋን አውልቃ ራሱ ላይ ጠመጠመችለት።

እስከዚያ ድረስ ለቀስተኛው ግራ ገብቶት ነበር። ሴቶቹ ሟቹን በምን ያልቅሱት? ዘሩን አያውቁ፣ ሙያውን በግጥም ማን ይንገራቸው? እኔ እንኳ ግጥም እጽፋለሁ የምለው ሰውዬ አንድ ስንኝ አልመጣልኝም። አናጢው መክደኛውን ገጥሞ የመጀመሪያውን ሚስማር ሲመታ ልጁ ተንበርክኮ በቋንቋው ጮኸ። ሁለተኛው ሲመታ ደግሞ ጮኸ፤ በሌላኛው ጎን።

«ምን እያለ ነው?» አለችኝ ነጠላዋን የሰጠችው ሴት።

«‹አባዬ፣ ሚስማር መጣ፣ ዞር በል› ነው የሚለው። እንዳይወጋው። ቀደም ብሎ ነግሮኛል።»

ሴትዮዋ ደረቷን መታች። «ዞር በል አባቴ!» አለች። «ብረት መጣብህ፣ ዞር በል!» ከኋላዋ ያሉት ተቀበሏት። ከዚያ በኋላ ማንም ግጥም አልቸገረው።

ሁለት ረጃጅም ግንዶች ከሳጥኑ በታች በገመድ ታሰሩ። ጎረምሶቹ ከመግባታቸው በፊት ድንጋይ ላይ ወጥቼ ጮኽኩ። «ስሙኝ! ሳጥኑ መሬት አይነካም። የደከመው ይቀየር እንጂ ማሳረፍ የለም!»

«ሰማን!»

«ኧረ ሰማን፣ ውረድ!»

ተነሣ። ግንዶቹ ሲጢጥ አሉ። ልጁ ከፊት ለፊት፣ ፊቱን ወደ ሳጥኑ አድርጎ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ይሄድ ጀመር። ቢወድቅስ ብዬ ከጎኑ ያዝኩት። ዓይኑ ከሳጥኑ ሥር፣ በእንጨቱና በአፈሩ መሐል ካለው ክፍተት ላይ አልተነሣም። የእኔ ዓይን ደጋው ላይ ነው። ቀጭኑ ደመና ወፍሮ የተራራውን ጫፍ በልቷል።

መንገድ ላይ ሰው ይጨመራል። ከሮቢት በኩል የመጡ፣ ከማሳ የተጠሩ፣ ያገኙትን ግንድ እየያዙ የደከመውን ይተካሉ። የለቅሶ ወጉ ይኸው ነው፤ የደረሰ ትከሻውን ይሰጣል። እኔ የተናገርኩትን የሰሙት አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ያልሰሙት እየገቡ መሆኑን ያኔ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ከወንዙ አፋፍ አንድ ዋርካ አለ። ከእኛ ሰፈር የሞተ ክርስቲያን ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወሰድ በዚያ ያልፋል። ሬሳው እዚያ ይወርዳል፣ ጸሎት ይደረስበታል፣ ተሸካሚው ይተነፍሳል። የእኔም አባት እዚያ አርፏል። ከጥላው መሐል ሣር አይበቅልም። የተሸከሙት ሰዎች እዚያ ጥላ ውስጥ ሲገቡ የፊተኞቹ ጉልበት ሲታጠፍ አየሁ። ማንም «አውርዱ» አላለም። ጉልበታቸው ራሱ ነው የታጠፈው።

«አታውርዱ!» አልኩ። «አታውርዱ!»

የኋለኞቹ የፊተኞቹን ተከትለው ጎንበስ ብለዋል። ግንዱ ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ጉልበት ወረደ። ልጁ ከእጄ ተመንጭቆ ወጣ። በአራት እግሩ ሆኖ ከሳጥኑ ሥር ገባ። ሳጥኑ ጀርባው ላይ አረፈ፤ ከደረቱ ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁት። ክንዶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ግን አልታጠፉም። ከጭንቅላቱ በኩል ያለው የሳጥኑ ማዕዘን ከአፈሩ አንድ ጣት ያህል ቀርቶታል።

«አንሡ! ሰው አለበት!»

«ገመዱ ሾልኳል!» አለ አናጢው። «በግንዱ አይነሣም፣ ሳጥኑን ያዙ፣ ሳጥኑን!»

አንድ ከመንገድ የተቀላቀለ ጎረምሳ እጁን እያራገፈ፣ «ምን ዓይነት ጣጣ ነው? ትንሽ ቢነካስ? የሚገባው አፈር አይደለም እንዴ?» አለ።

«አንተን ዛሬ እዚሁ ጥለንህ ብንሄድ ትወዳለህ?» አሉት አዛውንቱ። ከዘራቸውን ወርውረው መጥተው ነበር። ወደ ኋላ፣ ወደ ራሳቸው ሰዎች ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ያ ጀመዓ! ጀናዛ አይወርድም! ኑ፣ ትከሻ!»

የእስላሞቹ ሰልፍ እስከዚያ ድረስ ለወጉ ብሎ ከኋላ ይከተል ነበር። በእነሱ ዘንድ ሬሳ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ በከፈን ተጠቅልሎ በቃሬዛ፣ በፍጥነት፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ማሳረፍን ጉልበታቸው አያውቀውም። ሰብረው ገቡ። በሁለት ጎን ተጎነበሱ፣ ትከሻቸውን ከሳጥኑ ሥር አስገቡ፣ «ቢስሚላህ!» ብለው አንድ ላይ ቀና አሉ። ልጁ ከሥሩ ተጎትቶ ወጣ። የሸሚዙ ጀርባ ደም ነበረበት።

«ነካ?» አለኝ። «ነካ? እውነት ንገር።»

«አልነካም። እያየሁ ነበር። አልነካም።»

እኔን ትቶ አናጢውን ጠየቀው። አናጢውም «በማርያም፣ አልነካም» አለው።

ያኔ ነው ከላይ በኩል ድምፁ የመጣው። ጭነት የያዙ ብዙ መኪናዎች ከሩቅ ዳገት ሲወጡ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። የቆላ ሰው ያንን ድምፅ ሰምቶ አይሳሳትም። ደጋው ከል ለብሷል።

«ይመለስ!» አለ አንዱ። «ጎርፉ እስኪያልፍ ይጠብቅ!»

«የት ላይ ሆኖ ይጠብቃል?» አሉ አዛውንቱ። «እስከ ማታ ልትሸከም ነው? እለፉ!»

ሰዉ ከሳጥኑ ፊት ግራና ቀኝ ተሰልፎ ቆመ። ሳጥኑ በራሳቸው ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ያሳለፈው ከኋላ እየሮጠ ወደ ሰልፉ ጫፍ ይሄዳል፤ እንደገና ይቀበላል። ክርስቲያኖቹም አሠራሩን አይተው ገቡ፤ እኔም ገባሁ። የዋንዛው ጠርዝ መዳፌን ሲልጠው አስታውሳለሁ። አሸዋው እግሬን ይይዛል፣ ስነቅለው ጫማዬ ቀረ። ማንም አያወራም፤ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ያዝ» ብቻ። የመጨረሻዎቹ ገደሉን ሲወጡ ቡናማው ውሃ ጭራሮ እየገፋ ቁርጭምጭሚታቸውን ላሰ። ዞር ብዬ ሳይ ያለፍንበት አሸዋ የለም። ሴቶቹ ወዲያ ማዶ ቀርተዋል፤ አፋቸው ሲከፈት ይታየኛል፣ ድምፃቸው ግን በጎርፉ ተውጧል።

ማሳው ዳር ደረስን። ማሽላው ጉልበት ላይ ደርሷል። ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ቀጥ ያለ፣ የተመሰገነ ሥራ ነበር፤ አናጢው ግን ገና ሲያየው ጭንቅላቱን ያዘ።

«አይገባም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የእኛን ሳጥን ለክተው ነው የቆፈሩት። ይሄ አይገባም!»

የአዛውንቱ ልጆች ዶማ ይዘው ዘለው ገቡ። እኛ ሳጥኑን በትከሻችን ይዘን ቆምን። አሁን ቆሞ መያዝ ከመሄድ ይብሳል። የሚቀይር ሰው አልቆ ነበር፤ ግማሹ ከጎርፉ ወዲያ ነው። ከፊቴ ያለው ሰው እግሩ ሲርገበገብ ማሽላው አብሮ ይወዛወዛል። ከጉድጓዱ አፈር ይወረወራል፤ «ሌላ ስንዝር!» ይላል አናጢው፤ «በራስጌው፣ በራስጌው!» ልጁ ከመሐላችን ገብቶ በቁስሉ ጀርባ ሳጥኑን ደግፏል። ለአባቱ በቋንቋው ይናገራል፤ ሳያቋርጥ፣ በዝግታ። ምን እንደሚል አልጠየቅሁትም።

«ይበቃል፣ ውጡ!» አለ አናጢው።

ገመዶቹ ከሥር ገቡ። ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍ ጫፋቸውን ይዘን ሳጥኑን ከትከሻ ወደ ገመድ አወረድነው። ጉድጓዱ ላይ ተንጠለጠለ፤ ጥቂት ተወዛወዘ፤ ግድግዳውን ገጭቶ አፈር አረገፈ። ልጁ ከአፋፉ ተንበርክኮ ወደ ውስጥ ያያል።

«ቀስ» ይላል። «ቀስ። ቀስ።»

ገመዱ መዳፌን እያቃጠለ አለፈ። ከዚያ ክብደቱ ከእጄ ላይ ጠፋ። ገመዱ ለዘብ አለ። ሁላችንም አወቅን፤ ግን አንድም ሰው ጫፉን አልለቀቀም። ክርስቲያኑም እስላሙም ባዶ ገመድ ጨብጦ ቆሞ ወደ ልጁ ያያል። እሱ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ መክደኛውን ነካ አደረገ፤ ጎኑን፣ ሥሩን፣ አፈሩን ዳሰሰ።

«እሺ» አለ። «ልቀቁ።»