ሽማግሌ የመጣብኝ እሁድ

ትንሿ ልጄ ለትምህርት ፈረንሳይ አገር ነው ያለችው። ባለፈው ሳምንት በስልኬ ቪዲዮ ላከችልኝ። ራሷ ላይ ቅል የመሰለ ቆብ ደፍታ፣ ጎማው ወፈር ያለ ሳይክል በወይን ማሳ መሃል ትነዳለች። እንደነገረችኝ ከሆነ እዚያ ሰው አስፋልቱን ትቶ ኮረኮንች ፍለጋ ይወጣል። ከአንዱ ያረጀ ግንብ ወደ ሌላው፣ ከአንዷ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላዋ እየተንገጫገጨ ይውላል፤ ይኸውም መዝናኛ ነው። ባለቤቴ አየነው ይህን ሲሰማ ሳቀና «እኛ እኮ ቀድመናቸዋል» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ሲንጣጣ ስሰማ የስልኩን ድምፅ አጠፋሁት።

እኔ ሲፈጥረኝ ስጉ ነኝ። ድስት ጥጄ ጎረቤት ብሄድ ቤቱ የተቃጠለ ይመስለኛል። ያን ድምፅ ግን የምፈራበት ምክንያት አለኝ።

ያኔ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። አየነው ደግሞ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ መምህር ነበር፤ ሐረር ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ጀጎል ውስጥ አብራችሁት ከሄዳችሁ የትም አትደርሱም። ያረጀ በር ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ግድግዳ ይዳስሳል፣ ባለቤቱን ጠርቶ ማን እንደሠራው ይጠይቃል። ሴቶቹ «ይሄ ልጅ ቤት ሊገዛ ነው እንዴ?» ይሉት ነበር። እኔና እሱ ልንጋባ ተስማምተናል። እዚህ ዘመድ ስለሌለው የቤተ ክርስቲያናችንን ቄሰ ገበዝና ሁለት አንጋፋ መምህራንን ለምኖ፣ በሚቀጥለው እሁድ ለሽምግልና ወደ አባቴ ሊልካቸው ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው። ሲቆጡ የሰፈራችን የአቦከር ውሻ ሁሉ ዝም ይላል እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር፣ እሳቸው በሌሉበት። ከእኔ በፊት የታላቅ እህቴን ጠያቂ «አገሩን አላውቀውም» ብለው መልሰዋል። የአየነውን አገር ደግሞ ከነጭራሹ አያውቁትም። እኔ ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ከትምህርት ቤታችን መምህራን ጥቂቶች ሆነን በሳይክል ኮረሚን ልናይ ተቀጣጠርን። ኮረሚ ከሐረር ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ያለ የአርጎባ መንደር ነው፤ ቤቶቹ ያለ ጭቃ በድንጋይ ብቻ ተክበው ከአንድ ፎቅ በላይ የቆሙ ናቸው። አባቴ «ከመምህራን ጋር ከሆነ ሂጂ» አሉኝ። ጠዋት ከጀጎል በሮች አንዱ ወደሆነው ኤረር በር ስደርስ ግን አየነው ሁለት ሳይክሎች ይዞ ብቻውን ቆሟል። አንዱ ታሞ፣ ሌላው ሳይክል አጥቶ ቀርቷል። ተመልሼ ቤት ብገባ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ነገር ግን ጥቅምት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ደግሞም ወጣት ነበርኩ።

ጥቂት በዋናው መንገድ ሄድንና ወደ ገጠሩ ታጠፍን። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ፍሬው ጎንበስ ብሏል። ማማ ላይ የቆሙ ወፍ ጠባቂዎች ሳይክል የምትነዳ ሴት ሲያዩ ወንጭፋቸውን ረስተው ያፏጩልኝ ነበር። መንገዱ አንዳንዴ ጠጠር፣ አንዳንዴ አሸዋ፣ አንዳንዴም ጎርፍ የበላው ቦይ ነው። ጥርሴ እርስ በርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። አየነው ከፊቴ እየነዳ ስለ ጥንት ነጋዴዎች ያወራል፤ ግማሹን ንፋስ እየወሰደው ግማሹን እሰማለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ኮረሚ ደርሰን ቤቶቹን አየን። አንዲት እናት ቤታቸው አስገብተው ትኩስ ቂጣ ከእርጎ ጋር አቀረቡልን፤ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃም ቀዱልን። ከታች የኤረር ሸለቆ ተዘርግቶ ይታያል። አየነው ቂጣውን እየቆረሰ፣ ጨው አቀብይኝ እንደሚል ሰው፣

«ዛሬ እኮ ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ» አለኝ።

«የት?»

«እናንተ ቤት። ቄሰ ገበዙ በሚቀጥለው እሁድ ድሬዳዋ ጉዳይ አላቸው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንሄዳለን ብለው ጠዋት ነገሩኝ። ልነግርሽ ስል መንገዱ አስረሳኝ።»

ሆጃው ትን አለኝ።

«ምን ያስደነግጥሻል? እኔ እንደሆን እዚያ መገኘት የለብኝም» አለ።

«አንተ የለብህም። እኔስ?»

ይህን አላሰበበትም። ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ጓዳ ሆና፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ነው የምትገኘው። አባቴ «እስቲ ልጅቱን ጥሯት» ቢሉና ብታጣ፣ ያውም ሽማግሌ ከላከው ሰው ጋር ዱር ለዱር በሳይክል ስትዞር ብትገኝ፣ ጠያቂው ተጠያቂዋን ይዞ ጠፋ መባሉ አይቀርም። አባቴ አይሰጡኝም። ዛሬ እንቢ ካሉ ደግሞ ሁለተኛ ቃላቸውን አያጥፉም። ሴትዮዋን በቅጡ እንኳን ሳላመሰግን ሳይክሌን አነሣሁ።

መንደርተኞቹ ለሐረር ቅርብ በሆነው በሐኪም ጋራ በኩል የሚቆርጥ አቋራጭ አሳዩን። አቋራጭ መንገድ ጠላት ነው የምለው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። ገና ጥቂት እንደነዳን የእኔ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። አየነው ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ፣ ጎማውን ፈታ፣ ቀዳዳውን በምራቅ ፈልጎ አገኘ፣ ሙጫ ቀብቶ እስኪደርቅ እፍ እፍ አለበት። እኔ ፀሐይዋን እያየሁ ቆሜያለሁ። ጎማው ሲነፋ ጥላችን ረዝሞ ነበር።

ከዚያ አንድ ዳገት መጣ። እኔ ወርጄ እየገፋሁ ስቀር እሱ ቀድሞኝ ወጣ። አናቱ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አየነው አገዳ የጫነች አህያ የሚነዱ ሽማግሌ አግኝቶ ሲያነጋግር፣ እሳቸውም በበትራቸው ወደ ግራ ሲጠቁሙ ከሩቅ አየሁ። እጁን አንሥቶ አመሰገነና «ነይ፣ ይሄ ነው» ብሎ ወረደ። እኔም ተከተልኩ። ቁልቁለቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ፔዳል ሳንመታ በረርን። ንፋሱ ላቤን ሲያደርቀው ለትንሽ ጊዜ እንደርሳለን ብዬ አመንኩ።

ቁልቁለቱ ግን አላልቅ አለ። ሐረር ደግሞ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ እሷ ይወጣል እንጂ ይህን ያህል አይወረድም። ዞር ስል ሐኪም ጋራ ከፊታችን መሆን ሲገባው ከጀርባችን ነው። ፍሬን ያዝኩ።

«አየነው፣ ሰውየው በትክክል ምን አሉህ?»

«ይሄ መንገድ ሐረር ይወስዳል ወይ አልኳቸው። አው አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አመስግኜ ሄድኩ። የሆነ ነገር ጨምረው ነበር። ምርቃት መሰለኝ።»

«ምርቃቱ ሶፊ የሚል ነው?»

አሰበ። «እንዴት አወቅሽ?» አለኝ።

የሐረር ልጅ ይህን አይሳሳትም። እኛ ዘንድ «አው» የሚባለው በቅዱሳን አባቶች ስም ላይ ነው፤ አው አባድር፣ አው ሐኪም እንደሚባለው። ሽማግሌው «አው ሶፊ ነው የሚወስደው» ሲሉ፣ የጎጃሙ ልጅ የመጀመሪያዋን ቃል አዎንታ አድርጎ፣ የቀረውን ለንፋስ ሰጥቶት ወረደ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። አየነው ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ዳገት መልሶ መውጣት የማይታሰብ ነው፤ የሶፊ መንደር ደግሞ ከታች ይታየናል። «ምናልባት መኪና አይጠፋም» አልኩና ወረድን።

የቅዱሱን የአው ሶፊን መካነ መቃብር ግቢ የሚጠርጉ አንዲት አሮጊት አገኘን። ሰላምታ ሰጥተን ወደ ሐረር የሚሄድ መኪና ብንጠይቃቸው መጥረጊያውን አስቀምጠው፣

«ሳታስቡት የመጣችሁት አላህ ፈልጓችሁ ነው። ዱዓ ሳይደረግላችሁ የትም አትሄዱም» አሉ።

«እማማ፣ ቸኩለን ነው።»

«ምን ያስቸኩላል?»

ሳልፈልግ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። «ወላሂ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም፤ ሽማግሌው ቤት ቆሞ ልጅቷ ሶፊ! ሰውየውስ የታል?» አየነውን አሳየኋቸው። እሱን ከላይ እስከ ታች አዩና ሳቃቸውን አቆሙ። «እንግዲህ ለእናንተ ካልተደረገ ዱዓ ለማን ይደረጋል?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። አልቸኮሉም፤ የአባቴንም ስም ጠይቀው አስገቡበት። «አሚን» ባልን ቁጥር ፀሐይዋ ዝቅ ትላለች። በመጨረሻ ሲጨርሱ የእህታቸውን ልጅ ጠርተው በሚነዳው የጫት መኪና ላይ አስጫኑን።

የጫት መኪና እንዴት እንደሚነዳ ለምታውቁ ምንም አልልም። ለማታውቁ፣ ጫት ከጠወለገ አይሸጥምና ሾፌሩ እስትንፋስ ሳይወስድ ነው የሚበረው። ሳይክሎቹን የጫቱ እስር ላይ አጋድመን እኛ ጎናቸው ተንጠለጠልን። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ገብርኤልን እጠራለሁ። ከመገልበጣችን ይልቅ የፈራሁት ግን መድረሳችንን ነበር። ለአባቴ የምለውን እየደረደርኩ አፈርሳለሁ። አየነው ጆሮዬ ላይ ጮኾ «ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ» አለኝ። «ምንም አትበል» አልኩት።

ፀሐይ ልትገባ ስትል በራችን ላይ ወረድን። ሾፌሩ ሳይክሎቹን አውርዶልን ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ፤ በሰላም ገባችሁ ለማለት ይመስለኛል። ሰፈሩ ሁሉ ብቅ አለ። እኔ አቧራ ለብሼ፣ ፀጉሬ ውስጥ የጫት ቅጠል ተሰክቶ፣ አየነውን ከኋላዬ አስከትዬ ገባሁ።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። እናቴ ያወጣችላቸው ወንበሮች ከጀርባቸው ባዶ ናቸው። በደንቡ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ የልጅቱ አባት «ቁጭ በሉ» ካለ ፈቀደ ማለት ነው፣ ካላለ ግን አይቀመጡም። አባቴም እንደነሱ ቆመዋል። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቄሰ ገበዙ ጉዳዩን ሲያነሡ አባቴ «ልጄ ቤት የለችም። የት እንደቀረች ስለማላውቃት ልጅ ልነጋገር አልችልም» አሉ። እነሱም «እንጠብቃለን» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቆሞ በሩን በሩን ሲያይ ቆየ።

አባቴ ወደ እኛ ዞሩ። እግሬን፣ ክንዴን፣ ፊቴን አዩ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን በቀስታ፣

«ቁጭ በሉ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልን ሻምበል!» አሉ ቄሰ ገበዙ ወዲያው እጅ ነሥተው። «እንግዲህ ልጃችን ልጅዎ ነው።» ሦስቱም ተቀመጡ። አየነውም ግድግዳው ሥር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጠ። እኔም ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ። አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ወደ እኛ አዩና መልሰው ዘጉት። ለእናቴ «ውኃ አምጪላቸው» አሏት። በዚሁ ተዳርኩ።

አየነው ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሲያወራ አባቴ በደስታ እንደፈቀዱለት አድርጎ ነው። እኔ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሮ፣ አባቴ አርጅተው አልጋ ላይ በዋሉበት ጊዜ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያኔ ቁጭ በሉ ያሉት ለማን ነበር?»

«ለእናንተ ነዋ። መቆም አቅቷችሁ አይደል? እነሱ ቀድመው ተቀመጡ።»

«ታዲያ ለምን አልመለሷቸውም?»

«ልመልሳቸው ስል ዞር ብዬ አየሁሽ። አጠገቡ ተቀምጠሻል» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ?»

አሁን አባቴ ያኔ የነበሩበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ፤ ልጄ ስልክ ባላነሣች ቁጥር በር በሩን የማየው እኔ ነኝ። የሚሰጋ ሰው ሁሉንም ነገር ያያል፤ ሌላው ያላየውንም ጭምር። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ ያገኘሁት ቦታ ላይ ዘፍ አልኩ እንጂ ሌላ ነገር የለበትም እላለሁ።

የምንኖረው እዚያው የአባቴ ቤት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ያኔ የተቀመጥንበት የድንጋይ መደብ ላይ ያሰጣሁትን በርበሬ ሰብስቤ ስጨርስ ቆም ብዬ አየሁት። ከጥግ እስከ ጥግ ስምንት ሰው ያስቀምጣል።