የእትዬ አዲሳለም ብርጭቆ

የሺሀረግ ሽሮሜዳ የሀገር ልብስ ትሸጣለች። ለመክሳት ብላ ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን ካስቀነሰች ሁለት ወሯ ነው፤ ከባሏ በቀር ያወቀ የለም። ለቤት ለቤት የጸሎት ኅብረቷ ግን «ምግብ አልበላ ብሎኛል፣ ጸልዩልኝ» ብላ ነበር።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኅብረቱ መሪዋ እትዬ አዲሳለም ቤት ለምሳ ተቀመጠ። የሺሀረግ ልቧ አልረጋም። ሐኪሙ ከምግብ ጋር ውሃ እንዳትጠጣ፣ ከበላችም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንድትቆይ አስጠንቅቋታል። ማንም ሳያያት ብርጭቆዋን ገፋ አደረገችው።

«በሞቴ!» አሉ እትዬ አዲሳለም፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው። ጉርሻ አይመለስ ነገር፣ አፏን ከፈተች። ጉርሻው ደረቷ ላይ ቆመ፤ በላብ ተጠመቀች።

«ኧረ ውሃ! ውሃ ስጧት!» ቤቱ ተተራመሰ። እትዬ ብርጭቆውን አንስተው ወደ ከንፈሯ አስጠጉት። እጃቸውን ለቀም አድርጋ ያዘች።

«አይሆንም፣ እትዬ... ማለቴ... ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው። እንድከሳ ብዬ።»

እትዬ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ታዲያ እኛ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የምግብ ፍላጎቷን መልስላት እያልን ሁለት ወር ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ የጾምነው ለምኑ ነው?»